የውጭ ዜጋ በአገሩ ሄዶ ማግባት፦ ቡራዩ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቡራዩ፣ ታክሲ ተራው አጠገብ ትንሽ ጽሕፈት ቤት አለችኝ። ፎቶ ኮፒ፣ ስካን፣ ኦንላይን ፎርም ሙሌት፣ የፓስፖርት ቀጠሮ፣ የመጣውን ሁሉ እሠራለሁ። ጠበቃ አይደለሁም፣ ይህን ቀድሜ ልናገር። ግን ሰው "ሁለት ኮፒ" ብሎ ይገባና ወንበሩን ስቦ "አንዴ ላማክርህ" ይላል፣ ከዚያ ወሬው ወደ ጀርመን፣ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ዱባይ ይሄዳል። ደጋግመው የጠየቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ጥያቄዎቹን አላሳመርኳቸውም፣ እንደመጡ ናቸው።

የምከተለው የማንን ሕግ ነው? የኛን ወይስ የሱን አገር?

ሁለቱንም፣ ግን እያንዳንዱን በቦታው። ጋብቻው እንዴት እንደሚፈጸም፣ ማን ፊት እንደሚፈረም፣ ስንት ቀን ቀድሞ ማስታወቂያ እንደሚወጣ የሚወስነው የምትጋቡበት አገር ሕግ ነው። አንቺ ለማግባት ነጻ ነሽ ወይ የሚለውን ግን አብዛኛው አገር የሚያየው ከኢትዮጵያ ወረቀትሽ ላይ ነው። ዕድሜሽን፣ ከዚህ በፊት አግብተሽ እንደሆነ፣ ተፋተሽ ከሆነም ፍቺው ማለቁን።

እዚህ ደግሞ በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ አንቀጽ 5 ላይ እንዲህ ይላል፦ ውጭ አገር በዚያው አገር ሕግ የተፈጸመ ጋብቻ የሕዝብን ሞራል እስካልተቃረነ ድረስ ኢትዮጵያ ውስጥም ይጸናል። ስለዚህ "እዛ ፈርሜ እዚህ ደግሞ መፈረም አለብኝ?" ለሚለው መልሱ የለብሽም ነው። ማስመዝገብ ሌላ ነገር ነው፣ መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ።

ከየት ልጀምር?

ከኤምባሲ አይደለም። ቤት ካለው ፌስታል ነው።

ሁሉም ሰው ወረቀቱን የሚያስቀምጥበት ፌስታል አለው። አውጡትና አልጋ ላይ ዘርግፉት፦ ፓስፖርት፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የነዋሪነት መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ የትምህርት ማስረጃ። ከዚያ ስማችሁን ፊደል በፊደል አወዳድሩ። በአማርኛ አንድ የሆነው ስም በእንግሊዝኛ ሦስት ቦታ ሦስት ዓይነት ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ፀሐይን አንዱ በ"ቲ" ይጀምራታል፣ ሌላው በ"ኤስ"። እዚህ ማንም ጉዳዬ አይልም። እዛ ያለው ሠራተኛ ግን ሁለት ሰው ናችሁ ይላል፣ አይፈረድበትም፣ እሱ የሚያውቀው ወረቀቱን ነው።

ቀኑ ደግሞ አለ። አንዲት ልጅ መጣች፣ ጥር 1990 ነው የተወለደችው። ፓስፖርቷ 1998 ይላል፣ ትክክል። የልደት ወረቀቷን የሞላው ሰው ግን 7 ደምሮ 1997 አድርጎታል። በአብዛኛው ዓመት ከመስከረም 1 እስከ ታህሳስ 22 ለተወለደ 7 ነው የሚደመረው፣ ከታህሳስ 23 ወዲህ ለተወለደ 8። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ይህቺን አንዲት ቁጥር ለማስቀየር ሁለት ወር ተመላለሰች። አንድ ቀን "ሲስተም የለም"፣ አንድ ቀን "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው"፣ አንድ ቀን "ማኅተም የያዘችው ልጅ አልገባችም"። እጮኛዋ እዛ ማዶ "አንድ ቁጥር ለመቀየር ሁለት ወር?" እያለ በስልክ ይጨቃጨቃታል፣ እሷ ምን ትበለው።

እኛ የቤተሰብ ስም የሚባል የለንም፣ የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው። የነሱ ፎርም ላይ ግን ሳጥኑ አለ። ደንቡ ቀላል ነው፦ ፓስፖርታችሁ በየትኛው ሳጥን የቱን ስም እንዳስቀመጠ አይታችሁ ሌላውም ቦታ ሁሉ እንደዚያው ጻፉ። "ይሻላል" ብላችሁ አታሻሽሉ።

ያላገባ ማስረጃ የግድ ነው?

በአብዛኛው አገር አዎ። የሚሰጠው የምትኖሩበት አካባቢ ሲቪል ምዝገባ ነው። መታወቂያ ይጠየቃል፣ ምስክር ይዛችሁ ኑም ሊሏችሁ ይችላሉ፣ ስለዚህ የሚያውቃችሁን ጎረቤት ቀድማችሁ አናግሩ።

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ግን ሌላ ቦታ ነው። ቸኩሎ መጀመሪያ የሚያወጣው ይህን ነው። መሆን ያለበት የመጨረሻ ነው። ብዙ አገር ከ6 ወር በላይ የቆየ አይቀበልም፣ 3 ወር የሚሉም አሉ። እናንተ የልደት ወረቀት ስታስተካክሉ ያላገባው ፌስታል ውስጥ ያረጃል።

የውጭዎቹ ለምን እንዲህ እንደሚጠራጠሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺና የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው። ከዚያ በፊት ያገባ ሰው በአንድ መዝገብ ተፈልጎ የሚገኝበት መንገድ አልነበረም። እዛ ያለው ሰውዬ "ይህ ወረቀት ከምን ላይ ታይቶ ተጻፈ?" ብሎ ሲጠይቅ ጥያቄው ጥያቄ ነው።

ሽማግሌ ተልኮ ሰርግ ደግሰናል፣ ግን ወረዳ አልፈረምንም። ያላገባሁ ነኝ አይደል?

አይደለሽም እህቴ። ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ሰው የሚጎዳበት ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

በኛ ሕግ ጋብቻ የሚፈጸምበት መንገድ ሦስት ነው፦ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት፣ በባህል። ሦስቱም ጋብቻ ናቸው። ተክሊል የደረሰ አግብቷል። ኒካህ ያሰረ አግብቷል። በሽማግሌ ፊት በአገሩ ወግ የተጋባም አግብቷል። ወረዳ የሚደረገው ምዝገባ ማስረጃ ይሰጣል እንጂ ጋብቻውን አይፈጥረውም። ሰው ግን "ሰማንያ አልተፈራረምንም፣ ስለዚህ ምንም የለም" ብሎ ያስባል፣ ያላገባ ማስረጃ አውጥቶም በእጮኛ ቪዛ ያመለክታል።

የአሜሪካን እጮኛ ቪዛ እንውሰድ፣ ኬ ዋን የሚባለውን። እሱ ገና ላልተጋቡ ሰዎች ብቻ ነው። ቃለ መጠይቁ ላይ "ፎቶ አሳዩ" ይባላል። እናንተ ኩራት ብላችሁ ቬሎ፣ ሚዜ፣ ኬክ፣ ሦስት መቶ ሰው ያለበት አልበም ታስቀምጣላችሁ። ቆንስሉ አይቶ "እናንተ እኮ ተጋብታችኋል" ይላል፣ ፋይሉ ይመለሳል፣ በሚስትነት እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። እኔ ጋ የመጡ አንድ ጥንዶች ያደረጉት እውነትም ቀለበት ብቻ ነበር። ችግሩ ቪዲዮ አንሺው መግቢያው ላይ በአበባ የተከበበ "መልካም ጋብቻ" የሚል ጽሑፍ አስገብቶበታል። የራሱ ማሳመሪያ ነው፣ ለሁሉም ደንበኛ የሚለጥፈው። እሱን ለማስረዳት ስንት ደብዳቤ እንደጻፍን እኔ ነኝ የማውቀው።

ስለዚህ ቀድማችሁ ወስኑ። ወይ ቀለበት አድርጋችሁ እዛ ሄዳችሁ ተጋቡ፣ ወይ እዚህ ተጋብታችሁ በባልና ሚስትነት አመልክቱ። መሃል ሜዳ ላይ መቆም ነው የሚያስበላው። ለእናትና አባት ይህን ማስረዳት ከቪዛው ይከብዳል፣ አውቃለሁ፣ "ልጄን ያለ ሰርግ አልሸኝም" የሚሉ እናት ፊት ስለ ቆንስል ብታወሩ የሚሰማችሁ የለም።

ተፋትቻለሁ። ምን ይጨመርብኛል?

የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ ግልባጩ ማኅተም ያለበት። ሽማግሌ አለያየን፣ ቤተ ክርስቲያን አወቀልን የሚለው አይበቃም። ፍቺ የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው፣ ተስማምታችሁ የተፋታችሁ ቢሆን እንኳ ስምምነቱን የሚያጸድቀው እሱ ነው። ሙስሊም ከሆናችሁና ሁለታችሁም ፈቅዳችሁ ከሄዳችሁ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ውሳኔም ውሳኔ ነው። ባል የሞተባት ደግሞ የሞት ምስክር ወረቀት ታቀርባለች።

ሴት ከሆንሽ የቀን ቆጠራም አለ። በኛ የቤተሰብ ሕግ የቀድሞው ጋብቻ ከፈረሰ 180 ቀን ሳይሞላ ሌላ ማግባት አይቻልም፣ እርጉዝ አለመሆንሽ በሐኪም ከተረጋገጠ ግን ይቀራል። ጣልያን ይህንኑ 300 ቀን ያደርገዋል።

መታወቂያዬ የሸገር ነው፣ የልደት ወረቀቴ ላይ ደግሞ ልዩ ዞን ይላል። ችግር አለው?

የኛ የዳር ሰፈር ሰዎች ጣጣ ይህ ነው። መሃል አዲስ አበባ ያለ ሰው አያውቀውም።

ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ ገላን ድሮ በፊንፊኔ ዙሪያ የኦሮሚያ ልዩ ዞን ስር ነበሩ። ከ2015 ጀምሮ ሸገር ከተማ ሆኑና ክፍለ ከተማ ተባሉ። ቤታችሁ ካለበት አልተነቃነቀም፣ አድራሻው ግን ተቀይሯል። ውጭ ያለ ሠራተኛ ሁለቱን ስም አንድ ቦታ ናቸው ብሎ የሚያውቅበት ምክንያት የለውም። ከክፍለ ከተማው "ቀድሞ እንዲህ ይባል የነበረው አሁን እንዲህ ይባላል" የሚል ደብዳቤ አጽፉ፣ አስተርጉሙት፣ ከሌላው ጋር አያይዙት። አንድ ገጽ ናት።

ወረቀቱ በአፋን ኦሮሞ ከወጣ አማርኛ ላይ ማሳለፍ አያስፈልግም። በቀጥታ ከአፋን ኦሮሞ ወደ እንግሊዝኛ ወይም ወደሚፈለገው ቋንቋ የሚተረጉም ፈቃድ ያለው ትርጉም ቤት ፈልጉ። ሁለት ጊዜ የተተረጎመ ስም ሁለት ጊዜ ይበላሻል። ደግሞ አትርሱ፣ 213 ቁጥር አዋጁ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ነው በቀጥታ የሚሠራው፣ ኦሮሚያ የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው። የጋብቻ ዕድሜው ግን በሁለቱም 18 ነው።

ማኅተሙ ስንት ቦታ ነው?

ከታች ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ወረቀቱን የሰጠው ቢሮ፣ ከሱ በላይ ያለው ቢሮ፣ ትርጉሙ ደግሞ ውልና ማስረጃ፣ ከዚያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ በመጨረሻ የምትሄዱበት አገር ኤምባሲ። እያንዳንዱ የሚያረጋግጠው ከሱ በፊት ያለውን ፊርማ ነው፣ ይዘቱን አይደለም። አንድ ደረጃ ዘላችሁ ከሄዳችሁ ትመለሳላችሁ። ክብ ማኅተሙ ከታተመ በኋላ ቲተሩንም እዩ፣ ፊርማ ኖሮት ስም የሌለው ወረቀት ካዛንቺስ ድረስ ሄዶ ቡራዩ ተመልሷል፣ በአንድ ቀን፣ በዝናብ።

ጀርመን ለምን ይህን ያህል ይረዝማል?

የጀርመን ሕግ የውጭ ሰው ሲያገባ ከገዛ አገሩ "ለማግባት ብቁ ነው" የሚል ልዩ የምስክር ወረቀት እንዲያመጣ ይጠይቃል። የኛ አገር በዚያ መልክ አይሰጥም። ያላገባ ማስረጃ ያንን አይተካም። ስለዚህ እዛ ያለው የጋብቻ መዝገብ ቢሮ፣ ሽታንደስአምት የሚሉት፣ ጉዳዩን ወደ ከፍተኛው የክልል ፍርድ ቤት ፕሬዝዳንት ይልካል፣ ፕሬዝዳንቱ ከወረቀቱ ነጻ ያደርጋችኋል። ይህ ነጻ ማድረጊያ የሚሠራው ለ6 ወር ነው።

ከዚያ በፊት ደግሞ ማጣራቱ አለ። የጀርመን ኤምባሲ የኢትዮጵያን ሰነድ እንዲሁ ማኅተም አድርጎ አያረጋግጥም። የጀርመኑ ቢሮ ከጠየቀ ሰው ተልኮ በቦታው ይጣራል፣ ወረቀቱን የሰጠው ቢሮ ይጠየቃል፣ የሚያውቋችሁም ሊጠየቁ ይችላሉ። እኛ ሰፈር ደግሞ ያልታወቀ ሰው መጥቶ "እገሊትን ታውቋታላችሁ? አግብታ ታውቃለች?" ሲል ጎረቤት ወይ ይደነግጣል ወይ ይጠብቅላችኋል። "እኔ ምንም አላውቅም" ይላል። ለናንተ ያሰበ መስሎት። ቀድማችሁ ለጎረቤት ንገሩ፣ እውነቱን እንዲናገር ብቻ።

ለመጋባት የሚሰጠው ቪዛ በአብዛኛው ኤ ዋን የሚባለውን የጀማሪ ደረጃ ጀርመንኛ ይጠይቃል፣ ስድስት ኪሎ ያለው ጎተ ኢንስቲትዩት ያስተምራል፣ ይፈትናልም። ፊርማው ዕለት ቋንቋውን በደንብ ካልሰማችሁ አስተርጓሚ የግድ ነው።

"ዴንማርክ ይቀላል ይባላል" የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ እዛ የቤተሰብ ሕግ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ሰነዳችሁን አይቶ 4 ወር የሚያገለግል ማረጋገጫ ይሰጣል፣ ብዙ ጥንዶችም በሱ ይጋባሉ። ግን ዴንማርክ በሕጋዊ መንገድ መግባት አለባችሁ፣ ከዚያም በኋላ ጀርመን ለመኖር የጀርመን ቪዛው አይቀርም።

ልጄ፣ የኔ ልጅ ጣልያን ልታገባ ነው፣ ኑላ ኦስታ የሚሉት ምንድነው?

እማማ፣ እንቅፋት የለባትም የሚል ወረቀት ነው። የጣልያን የፍትሐ ብሔር ሕግ የውጭ ዜጋ ከአገሩ ባለሥልጣን ይህን እንዲያመጣ ያስገድዳል። ልጅዎ ከሮም የኢትዮጵያ ኤምባሲ ነው የምትጠይቀው፣ ከዚህ የሚላክላት የልደትና ያላገባ ማስረጃ ይጠየቅበታል። ከዚያ ማዘጋጃ ቤቱ የጋብቻ ማስታወቂያ ይለጥፋል። እንደ ድሮው ቤተ ክርስቲያን ላይ "የሚቃወም ካለ ይናገር" እንደሚባለው ነው።

ፈረንሳይ የምትሄድ ብትሆን ደግሞ ማስታወቂያው 10 ቀን ማዘጋጃ ቤቱ ላይ ይቆያል፣ የኢትዮጵያ ሕግ ስለ ጋብቻ ምን እንደሚል የሚገልጽ ወረቀትም ይጠይቃሉ። እዛ ሕጋዊው የማዘጋጃ ቤቱ ብቻ ነው፣ ቄስ ከዚያ በፊት ማጋባትን ልማድ ካደረገው ራሱ ጥፋተኛ ነው። ተክሊሉን በኋላ ያድርሱላት እማማ።

አሜሪካ ስገባ በስንት ቀን ማግባት አለብኝ?

በእጮኛ ቪዛ ከገባሽ በ90 ቀን ውስጥ፣ ያመለከተልሽን ሰው ራሱን። ሌላ ሰው ማግባት፣ ወደ ሌላ ቪዛ መቀየር የለም። ማመልከት የሚችለው ዜጋ ብቻ ነው፣ ግሪን ካርድ ያለው አይችልም። ከማመልከቱ በፊት ባሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ በአካል መገናኘታችሁንም ማሳየት አለባችሁ፣ በቴሌግራም መተዋወቅ አይቆጠርም።

ጋብቻው ራሱ የስቴት ጉዳይ ነው። ካውንቲው ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ፈቃድ ትወስዳላችሁ። ኒውዮርክ ፈቃዱ ከወጣ 24 ሰዓት ይጠበቃል፣ ላስ ቬጋስ ያለበት ኔቫዳ መጠበቅ የለም። የሚገርመው ሰው 90 ቀኑን ለሰርግ ዝግጅት ያጠፋዋል። ፈርሙ፣ ሰርጉ ይደርሳል። ግሪን ካርዱ ሲሰጥ ጋብቻው ሁለት ዓመት ካልሞላው የሁለት ዓመት ጊዜያዊ ነው የሚሆነው፣ ሊያልቅ 90 ቀን ሲቀረው ቅድመ ሁኔታውን ለማስነሳት ማመልከት ነው። የረሱ አሉ። አትርሱ።

እንግሊዝስ?

ለመጋባት ብቻ የምትሄዱ ከሆነ የጋብቻ ጎብኚ ቪዛ የሚባል አለ፣ 6 ወር ነው፣ ከዚያ መመለስ ነው። ተራው የጎብኚ ቪዛ ለጋብቻ አይሆንም። ማስታወቂያው 28 ቀን ነው፣ አንዳችሁ የውጭ ዜጋ ስለሆናችሁ ወደ 70 ቀን ሊያራዝሙት ይችላሉ። አዳራሽ ከመከራየታችሁ በፊት ይህን አስሉ። እንግሊዝና ዌልስ ላይ ዕድሜው ከ2023 ጀምሮ ያለ ልዩነት 18 ነው።

ዱከም ፋብሪካ የሚሠራ ቻይናዊ እጮኛ አለኝ። እሱ አገር ሄደን ብንፈርምስ?

ይቻላል። መጀመሪያ ዕድሜ። ቻይና ወንዱ 22፣ ሴቷ 20 ዓመት መሙላት አለባቸው። እዚህ በ18 ትችያለሽ፣ እዛ ግን በ19 ዓመትሽ ብትሄጂ ይመልሱሻል። የሚፈጸመው በጋብቻ መመዝገቢያ ቢሮ ነው፣ ሁለታችሁም በአካል። ካንቺ ፓስፖርትና በአግባቡ የተረጋገጠ ያላገባ ማስረጃ፣ ከሱ መታወቂያው። የቤተሰብ መዝገቡ በፈረንጆቹ እስከ 2025 ይጠየቅ ነበር፣ አሁን ቀርቷል። ቢሆንም እዚያ መዝገብ ላይ የጋብቻ ሁኔታው ተጽፏል፣ እንዲያሳይሽ ጠይቂው። አትፈሪ። ፍቅር ያለው ሰው ደብተር ማሳየት አይከብደውም።

አረብ አገርስ?

ሳዑዲ ዜጋው የውጭ ሰው ለማግባት ከመንግሥቱ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ያለዚያ "ኒካህ አስረናል" ብቻውን መኖሪያ አያስገኝም። በሸሪዓው መሠረት ወሊይ፣ ማለት የሴቷ ጠባቂ ዘመድ፣ እና ምስክር ያስፈልጋል፣ ስለዚህ አባት ወይም ወንድም ከዚህ ውክልና መላክ ሊኖርበት ይችላል። ኤምሬቶች ሙስሊም ላልሆኑ የሲቪል ጋብቻ ሕግ አውጥታለች፣ ከ2023 ጀምሮ በፌዴራል ደረጃ ይሠራል፣ አቡዳቢ ከዚያም ቀደም ብላ ነበር።

እስራኤል ያለ እጮኛዬ "ቆጵሮስ እንጋባ" አለኝ። ያጭበረብረኝ ይሆን?

አይመስለኝም። እስራኤል ውስጥ የሲቪል ጋብቻ የለም፣ በሃይማኖት ፍርድ ቤቶች ብቻ ነው። ሃይማኖታችሁ የተለያየ ከሆነ እዛው መጋባት አትችሉም። ስለዚህ ብዙዎቹ ቆጵሮስ ሄደው ተጋብተው ይመለሱና አገራቸው ያስመዘግባሉ። የተለመደ ነገር ነው። ለቆጵሮስ ቪዛሽን ግን አንቺ ራስሽ አጣሪ።

ሌሎቹን በአጭሩ?

ኬንያ ያለ ቪዛ ትገባላችሁ፣ የሲቪል ጋብቻ ማስታወቂያው 21 ቀን ነው። ህንድ በልዩ የጋብቻ ሕጓ 30 ቀን፣ ወንዱም 21 ዓመት መሙላት አለበት። አውስትራሊያ ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ማስታወቅ ነው፣ የእጮኛ ቪዛም አላት። ካናዳ የእጮኛ ቪዛ የላትም። እዚህ ወይም ሌላ ቦታ ተጋብታችሁ በትዳር ጓደኛነት ነው የምታመለክቱት።

በውክልና ወይም በቪዲዮ መጋባት አይቻልም?

እዚህ በመርህ ደረጃ አይቻልም፣ ሁለቱም በአካል ተገኝተው ፈቃዳቸውን መስጠት አለባቸው። ከባድ ምክንያት ሲኖር ብቻ በመንግሥት ፈቃድ የሚታይ ነው። ካናዳ በፈረንጆቹ ከ2015 ጀምሮ በውክልና፣ በስልክ፣ በኢንተርኔት የተደረገን ጋብቻ ለኢሚግሬሽን አትቀበልም። አሜሪካም ከዚያ በኋላ በአካል ተገናኝታችሁ እንደ ባልና ሚስት አብራችሁ ካላደራችሁ አይቆጥረውም። የአውሮፕላን ትኬቱን ግዙ።

ዜግነቴን አጣለሁ?

በማግባትሽ ብቻ አታጪም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 33 ላይ ወንድም ሆነ ሴት ኢትዮጵያዊ የውጭ ዜጋ ስላገባ ዜግነቱ አይቀርም ይላል። የሚቀረው በኋላ ምለሽ የዛን አገር ዜግነት የወሰድሽ ቀን ነው፣ ምክንያቱም በ1996ቱ የዜግነት አዋጅ፣ ቁጥር 378፣ በራሱ ፈቃድ ሌላ ዜግነት የወሰደ የኢትዮጵያውን እንደተወ ይቆጠራል። በተቃራኒው ባልሽ ኢትዮጵያዊ ልሁን ካለ፣ ጋብቻው 2 ዓመት ሞልቶት ከማመልከቱ በፊት ቢያንስ 1 ዓመት እዚህ ከኖረ ይጠይቅ።

ቡራዩ ያለችኝ ቤት የሱም ትሆናለች?

ከጋብቻ በፊት የነበረሽ ንብረት በኛ ሕግ የግልሽ ነው። ከጋብቻ በኋላ የሚመጣው ገቢ የጋራ ነው፣ ከግል ንብረትሽ የሚገኘው ኪራይም ጭምር። ሰው ይህችን የኪራይ ነገር አያውቃትም። ሌላ ዓይነት ስምምነት ከፈለጋችሁ የጋብቻ ውል ተዋዋሉ፣ ነውር የለውም። ጣልያን ፊርማው ዕለት ንብረታችን ለየብቻ ይሁን ብሎ መናገር ይቻላል፣ እዛው ይመዘገባል። ካርታው በማን ስም እንዳለ ደግሞ ሳትሄጂ አጣሪ። "በአባቴ ስም ነው፣ የኔ ግን ነው" የሚለውን ሮም ሆነሽ የሚያስረዳልሽ የለም።

አንድ ሰው ብር ከፍዬ በወረቀት ላግባሽ አለኝ።

የወረቀት ጋብቻ የሚሉት ይኸ ነው። አሜሪካ ላይ ከተደረሰበት እስከ 5 ዓመት እስር፣ እስከ 250 ሺህ ዶላር ቅጣት ያስከትላል፣ ከዚያ በኋላ እውነተኛ ባል ብታገኚም በትዳር በኩል የሚገባልሽ ማመልከቻ አይጸድቅም። ደላላው ያኔ ስልኩን ዘግቷል። እንዲህ ያለ ፎርም እኔ አልሞላም፣ ሁለት ኮፒም ቢሆን።

ተጋብተን ተመለስን። እዚህ ምን እናድርግ?

የጋብቻ ሰርተፊኬቱን ዋናውን ቢያንስ ሁለት ቅጂ አውጥታችሁ ኑ፣ እዛው በዚያ አገር ውጭ ጉዳይ፣ ከዚያ እዛ ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ አስረጋግጡ። የኢትዮጵያ ሚሲዮኖች ውጭ ያለን ዜጋ ጋብቻም ይመዘግባሉ፣ እዛው ብትጨርሱት ይሻላል። እዚህ ስትደርሱ አዲስ አበባ ያለው ውጭ ጉዳይ ያየዋል፣ ይተረጎማል፣ ውልና ማስረጃ ይገባል። ከዚያ መታወቂያችሁ ላይ "ያላገባ" የሚለውን አስቀይሩ። ይህን ሳያደርጉ ዓመታት ቆይተው ውርስ ወይም የልጅ ፓስፖርት ሲመጣ የሚሯሯጡ ብዙ ናቸው።

ለልደት ወረቀቷ ሁለት ወር የተመላለሰችው ልጅ ባለፈው መጣች፣ ባሏን ይዛ። ረጅም ሰው ነው፣ በሬ ላይ ጎንበስ ብሎ ነው የገባው። የጋብቻ ሰርተፊኬታቸውን ሁለት ኮፒ አደረግኩላቸው። ቀኑን ሦስት ጊዜ አየሁት፣ ልክ ነው።